ያረጀ ሶፍትዌር የያዘ አንባቢ፣ ገበያ ነው ወይስ ዕዳ?

በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ምርት ላይ ገንዘባቸውን የሚያውሉ ባለሀብቶች የደራሲውን ድርሻ፣ የአርትኦቱን፣ የሽፋኑንና የማስታወቂያውን ወጪ አስቀድመው ያሰላሉ፡፡ ከስሌቱ ውጪ የሚቀር ግን አንድ ወጪ አለ፡፡ ይኸውም መጽሐፉ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በተሠራ ሶፍትዌር ላይም ተከፍቶ እንዲነበብ ለማድረግ የሚወጣው ገንዘብ ነው፡፡ ይህ ወጪ በአንድ ደረሰኝ ተጠቃልሎ ስለማይመጣ በቀላሉ አይታይም፡፡ አንድ ጊዜ የባለሙያ ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ የሙከራ መሣሪያ መግዣ፣ አንዳንዴም ለተቆጣ ደንበኛ የሚመለስ ገንዘብ እየሆነ ከካዝና ይወጣል፡፡

ነገሩ ለመርካቶ ነጋዴ እንግዳ አይደለም፡፡ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው የአሮጌ ላዳ ዕቃ ይዞ ይቆይ ወይስ ይልቀቅ የሚለውን ሲያሰላ ኖሯል፡፡ የሩሲያው ፋብሪካ ያንን የድሮውን ላዳ መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው)፡፡ መኪናው መንገድ ላይ እስካለ ድረስ ግን ዕቃ ፈላጊው አይጠፋም፡፡ ብልህ ነጋዴ የሚጠይቀው የመኪናውን ዕድሜ ሳይሆን በወር ስንት ሰው መጥቶ ዕቃውን እንደሚፈልግ፣ የታሰረው ገንዘብ ሌላ ነገር ላይ ቢውል ምን ያስገኝ እንደነበር ነው፡፡

በመጽሐፉ ንግድም ጥያቄው ያው ነው፤ አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ፡፡ የላዳ ዕቃ መደርደሪያ ላይ መቀመጡ የቶዮታን ዕቃ አያበላሽም፡፡ ለአሮጌ ሶፍትዌር ተብሎ የሚደረግ ማስተካከያ ግን ብዙውን ጊዜ አዲስ መሣሪያ የያዘው ገዢ የሚደርሰውንም መጽሐፍ ዝቅ ያደርገዋል፡፡ ስለዚህ አሮጌውን መደገፍ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፡፡ አንዱን አሳታሚው ይከፍላል፤ ሁለተኛውን ደግሞ ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቀው የቀረው አንባቢ ይከፍላል፡፡

«አሮጌ» የሚባለው የቱ ነው?

የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ዋናው የንግድ ፎርማት ኢፐብ ይባላል፡፡ ኢፐብ አንድ ፋይል ይምሰል እንጂ ጥቅል ነው፡፡ ውስጡ ሲከፈት እንደ ድረ ገጽ የተጻፉ ምዕራፎች፣ ሥዕሎች፣ የፊደል ቅርጾች፣ ማውጫ፣ እንዲሁም ገጹ ምን መልክ እንዲይዝ የሚያዝ የመልክ መመሪያ ይገኙበታል፡፡ ይህንን መመሪያ ባለሙያዎቹ ሲኤስኤስ ይሉታል፡፡ ኢፐብ 2 የወጣው በ2007 ሲሆን ኢፐብ 3 ደግሞ በ2011 ተከትሏል፡፡ ከዚያ ወዲህ የመጡት ማሻሻያዎች ሁሉ የኢፐብ 3 ቤተሰብ ናቸው፤ ኢፐብ 3.3 በሜይ 2023 የድረ ገጽ ደረጃዎችን በሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ በተባለው ድርጅት ጸድቋል፡፡

እንግዲህ በ2007ቱ ደንብ የተሠራ ማንበቢያ የ2011ዱን መጽሐፍ ሲከፍት የሚሆነው እንደ ማንበቢያው ይለያያል፡፡ አንዳንዱ ያልገባውን ትእዛዝ ዘሎ ያልፋል፡፡ በብዙ የንባብ መሣሪያዎች ውስጥ የተሠራበትና አዶቤ ዲጂታል ኤዲሽንስ በተባለው የኮምፒዩተር ማንበቢያም የሚሠራው የአዶቤ ሞተር ግን በጠባዩ አስቸጋሪነት የታወቀ ነው፡፡ የቆዩት ሥሪቶቹ በመልክ መመሪያው ውስጥ የማያውቁት አንድ መስመር ሲያጋጥማቸው ያንን መስመር ብቻ ሳይሆን መመሪያውን በሙሉ ሊጥሉት ይችላሉ፡፡ ያን ጊዜ ርዕሱና ሐተታው፣ ግጥሙና ዝርዝሩ መልካቸውን አጥተው ደራሲው ያላሰበው ገጽ ይወጣል፡፡ ለአንድ መስመር ሲባል የአንድ ወር ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው፡፡

ሰው እንደሚገምተው ግን እርጅና ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፡፡ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ሶፍትዌር አለ፡፡ ለምሳሌ ማይክሮሶፍት ሪደር በ2000 ገበያ ላይ ወጥቶ በ2012 ተቋርጧል፤ ዛሬ ለእርሱ ብሎ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ አሳታሚ ቢኖር ገንዘቡን ወንዝ ላይ እንደሚበትን ሰው ይቆጠራል፡፡ በሌላ በኩል ደግሞ ዕድሜው ገፍቶም ገንዘብ የሚያልፍበት ሶፍትዌር አለ፡፡ የአዶቤው ሞተርና ከእርሱ ጋር የሚሄደው የቅጂ መከላከያ ቁልፍ ከዚህ ወገን ናቸው፡፡ መጽሐፍ በኤሌክትሮኒክ የሚያውሱ የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍትና በርካታ መደብሮች በዚህ ቁልፍ ሲሠሩ ቆይተዋል፡፡ አንባቢው ሶፍትዌሩን ወዶ የመረጠው አይደለም፤ የገዛበት ወይም የተዋሰበት ቤት አስይዞት ነው፡፡ ሁለቱን «አሮጌ» ብሎ በአንድ ከረጢት መክተት ስሌቱን ከመነሻው ያበላሸዋል፡፡

ገበያው ሲያምፅ

አሮጌውን በአንድ ቀን ለመቁረጥ የሞከሩ ትልልቅ ድርጅቶች ያገኙት ትምህርት ለነጋዴ የሚጠቅም ነው፡፡ አዶቤ በ2014 መጀመሪያ ላይ የቅጂ መከላከያ ቁልፉን ወደ ጠንካራ ዓይነት ሊለውጥ ተነሣ፡፡ አዲሱን ቁልፍ መቀበል የማይችሉ ማንበቢያዎች አዳዲስ መጻሕፍትን መክፈት ያቅታቸው ነበር፡፡ እነዚህ ማንበቢያዎች በሰው እጅ ያሉ፣ በገንዘብ የተገዙ ዕቃዎች ናቸው፡፡ አንዳንዶቹን ደግሞ የሠራቸው ድርጅት ራሱ ከገበያ ስለወጣ ማሻሻያ የሚልክላቸው አልነበረም፡፡ ጫጫታው ብዙ አልቆየም፡፡ አዶቤ በቀናት ውስጥ ወደ ኋላ ተመልሶ የድሮውን ቁልፍ መደገፉን እንደሚቀጥል አስታወቀ፡፡

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረው የኢፐብ 3.1 ታሪክ ነው፡፡ ደረጃውን ያወጡት ባለሙያዎች በጃንዋሪ 2017 ያቀረቡት ይህ ሥሪት ቤቱን የማጽዳት ሥራ ነበር፡፡ ያረጁ ነገሮችን አስወጣ፤ የሥሪት ቁጥሩንም ለወጠ፡፡ በወረቀት ላይ ሲታይ የሚነቀፍ ነገር አልነበረውም፡፡ ነገር ግን አሳታሚው ያለውን የምርት መስመር፣ መደብሩ መቀበያውን፣ ማንበቢያ ሠሪው ሶፍትዌሩን መለወጥ ሊኖርባቸው ሆነ፡፡ በምላሹ ለአንባቢው የሚታይ ጥቅም እምብዛም አልተገኘም፡፡ ገበያው ዝም ብሎ አልተቀበለውም፡፡ በ2019 የወጣው ኢፐብ 3.2 ወደ ቀድሞው የሥሪት ቁጥር ተመልሶ ከኢፐብ 3.0 ጋር የሚስማማ እንዲሆን ተደረገ፡፡ ማንም አላወገዘውም፤ ማንም አልገዛውም፡፡ ነጋዴ የሚያውቀው የመጨረሻው ፍርድ ይህ ነው፡፡

አማዞን በአንጻሩ አሮጌውን የሸኘው በደረጃ ነው፡፡ ድርጅቱ የፈረንሳዩን ሞቢፖኬት በ2005 ገዝቶ፣ ሞቢ የተባለውን ፎርማት ይዞ፣ በኖቬምበር 2007 የመጀመሪያውን ኪንድል በ399 ዶላር ለገበያ አቀረበ፡፡ በ2011 አዲስ ፎርማት ሲያመጣ አሮጌውን ወዲያው አልጣለም፡፡ ለአሳታሚዎች ያደላቸው መሣሪያ አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያወጣ ነበር፡፡ አሳታሚው ከፈለገ ለአሮጌው ኪንድል አንድ መልክ፣ ለአዲሱ ሌላ መልክ ማዘዝ ይችል ነበር፡፡ ከአሥር ዓመት በኋላ በ2021 አጋማሽ ተራ የጽሑፍ መጽሐፍ በሞቢ መቀበል ቀረ፤ ገጹ ተቆልፎ የሚዘጋጀው ዓይነት መጽሐፍ ደግሞ በማርች 2025 ተከተለ፡፡

በዚሁ ሽኝት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ፡፡ ከኦገስት 17 ቀን 2022 ጀምሮ አምስት የቆዩ የኪንድል ዓይነቶች ከመሣሪያው ላይ ሆነው ወደ መደብሩ ገብተው መግዛት ተከልክለዋል፡፡ ባለቤቶቹ ግን በኮምፒዩተር ገዝተው ወደዚያው መሣሪያ በማስገባት ማንበብ ይችሉ ነበር፡፡ ስለዚህ መሣሪያው ከመደብሩ ተባረረ ማለት ደንበኛው ከገበያ ወጣ ማለት አልነበረም፡፡ አሳታሚው «ይህ መሣሪያ ድጋፉ ተቋርጧል» የሚል ዜና ባነበበ ቁጥር የገዢዎችን ቁጥር ከሒሳቡ የሚሰርዝ ከሆነ ሊሳሳት ይችላል፡፡

የማይክሮሶፍት የመጻሕፍት መደብር አዘጋግ ደግሞ ሌላ ነው፡፡ ድርጅቱ በኤፕሪል 2019 መደብሩን ሲዘጋ፣ ደንበኞች የገዟቸው መጻሕፍት በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ መከፈታቸው እንደሚቀር አስታውቆ ሙሉ ገንዘባቸውን መልሷል፡፡ በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ ማስታወሻ ለጻፉ ደንበኞች 25 ዶላር ጨምሯል፡፡ ማይክሮሶፍት ይህንን ከኪሱ መክፈል ይችላል፡፡ ትንሽ አሳታሚ አይችልም፡፡

ስንት ያስወጣል?

አሳታሚዎች ሁለት ጊዜ ማምረትን፣ ማለትም ለአሮጌው አንድ፣ ለአዲሱ አንድ ፋይል ማዘጋጀትን፣ እንደ ደኅና መፍትሔ የሚያዩበት ጊዜ አለ፡፡ ለምሳሌ ያህል 40 መጻሕፍት ያሉት አሳታሚ እንውሰድ፡፡ ለአሮጌው ማንበቢያ የተለየ ፋይል ለማዘጋጀትና ለመፈተሽ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ስድስት ሰዓት ቢፈጅና ባለሙያው በሰዓት 300 ብር ቢከፈለው ወጪው 72,000 ብር ይሆናል፡፡ አሳታሚው በዓመት 5,000 ቅጂ ይሸጣል እንበል፡፡ ከዚህ ውስጥ አሮጌ ሶፍትዌር የያዘው 2 በመቶ ቢሆን 100 ሰው ነው፡፡ ከአንድ ቅጂ የሚተርፈው 120 ብር ከሆነ ገቢው 12,000 ብር ነው፡፡ 12,000 ብር ለማዳን 72,000 ብር ማውጣት ንግድ አይባልም፡፡

ድርሻው ወደ 20 በመቶ ከፍ ካለ ግን 1,000 ሰው፣ 120,000 ብር ይሆናልና ነገሩ ይገለበጣል፡፡ ይሁንና ይህም ቢሆን የተጋነነ ቁጥር ነው፡፡ አሮጌ ማንበቢያ የያዘ ሰው ሁሉ መጽሐፉ ካልተመቸው ይቀራል ማለት አይደለም፤ ብዙው በኪሱ ስልክ አለው፡፡ በስሌቱ መግባት ያለበት አሮጌ ዕቃ የያዘው ሰው ሁሉ ሳይሆን፣ አሮጌ ዕቃ በመያዙ ምክንያት መግዛቱን የሚተወው ብቻ ነው፡፡ ከ1,000ው ግማሹ በስልኩ የሚያነብ ከሆነ የሚድነው ገንዘብ 60,000 ብር ነው፤ ሒሳቡም ተመልሶ ኪሳራ ይሆናል፡፡

ሁለት ፋይል መያዝ ሌላም ጣጣ አለው፡፡ ደራሲው አንድ ስሕተት አግኝቶ ባሳረመ ቁጥር እርማቱ ሁለት ቦታ ይገባል፡፡ አንዱ ይታረምና ሌላው ይረሳል፡፡ ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛው ፋይል ትክክለኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከድርጅቱ ለቆ ሄዷል፡፡

ዋናው ችግር ደግሞ አሳታሚው ከላይ የተጠቀሰውን የመቶኛ ቁጥር ከየት ያገኘዋል የሚለው ነው፡፡ ትልልቆቹ መደብሮች በሚልኩት የሽያጭ ሪፖርት ላይ ስንት ቅጂ እንደተሸጠና ስንት እንደተመለሰ ይገኛል እንጂ ገዢው በምን መሣሪያ እንዳነበበ አይጻፍም፡፡ ስለዚህ የቀረው የሶማሌ ተራው ዘዴ ነው፤ ማን መጥቶ እንደጠየቀ መዝግቦ መያዝ፡፡ አሳታሚው በቀጥታ ለሚሸጥለት ደንበኛ በምን እንደሚያነብ በአንድ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፡፡ አቤቱታ ይዞ የሚመጣውንም ገንዘብ መልሶ ከማሰናበት በፊት የመሣሪያውን ዓይነት መጠየቅ ወጪ የለውም፡፡ አማዞን ገዢው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፉን በሰባት ቀን ውስጥ እንዲመልስ ይፈቅዳል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመላሹ ከተለመደው በላይ ያሻቀበ መጽሐፍ ካለ የመጀመሪያው ምርመራ ፋይሉ ላይ መሆን ይኖርበታል፡፡

የግዕዝ ፊደል ሲጨመርበት

በአማርኛ ለሚያሳትም ሰው ጉዳዩ ከአማርኛ ውጪ ካለው ይከብዳል፡፡ የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፡፡ የፊደሉ ቅርጽ ያልተጫነበት መሣሪያ በሆሄው ፋንታ ባዶ ሣጥን ያሳያል፡፡ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የአሮጌ ሶፍትዌር ጉዳት ገጹ አስቀያሚ መሆኑ ሲሆን፣ በአማርኛ ግን መጽሐፉ ጨርሶ አለመነበቡ ነው፡፡ መድኃኒቱ የፊደሉን ቅርጽ በመጽሐፉ ጥቅል ውስጥ አብሮ መላክ ነው፡፡ እንደ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል እና እንደ ኖቶ ያሉት ቅርጾች ነጻ ፈቃድ ስላላቸው ያለ ክፍያ አብረው ሊላኩ ይችላሉ፤ በገንዘብ የተገዛ ቅርጽ ግን የማተም ፈቃድ ኖሮት በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ የማሰራጨት ፈቃድ ላይኖረው ስለሚችል ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል፡፡

የአሮጌው ሞቢ ችግር እዚህ ላይ ነበር፡፡ አብሮ የተላከን የፊደል ቅርጽ አይቀበልም፡፡ ፊደሉን የማያውቅ መሣሪያ ላይ አማርኛ ለማሳየት የቀረው መንገድ ገጹን ፎቶግራፍ አድርጎ መላክ ነው፡፡ ይህንን ዘዴ ዛሬም እንደ ብልሃት የሚያዩት አሉ፡፡ በየትኛውም ሶፍትዌር ይከፈታልና እውነትም ማራኪ ይመስላል፡፡ ዋጋው ግን እንደሚከተለው ነው፡፡

አማዞን በአሜሪካ ገበያው ላይ 70 በመቶ ድርሻ ለመረጠ አሳታሚ ከዋጋው ላይ በሜጋባይት 15 ሳንቲም የማድረሻ ክፍያ ይቀንሳል፡፡ በ4.99 ዶላር የሚሸጥ፣ 1 ሜጋባይት የሚመዝን የጽሑፍ መጽሐፍ 15 ሳንቲም ተቀንሶለት ለአሳታሚው 3.39 ዶላር ያህል ያስገባል፡፡ ያው መጽሐፍ ገጾቹ ፎቶግራፍ ሆነው 20 ሜጋባይት ቢመዝን ማድረሻው ብቻ 3 ዶላር ነው፤ ለአሳታሚው የሚደርሰው 1.39 ዶላር ይሆናል፡፡ የማድረሻ ክፍያ የሌለበትን የ35 በመቶ ድርሻ ቢመርጥ እንኳ 1.75 ዶላር ያገኝ ነበር፡፡ በአንድ ቅጂ ሁለት ዶላር የሚበላ ብልሃት ስሙ ሌላ ነው፡፡ በዚህ ላይ አንባቢው ፊደሉን ማጉላት አይችልም፤ ቃል መፈለግ አይችልም፤ ዓይነ ስውር አንባቢም በድምፅ ማንበቢያ ሊሰማው አይችልም፡፡

የመጨረሻው ነጥብ የደግነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡ የአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕግ ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፡፡ በኅብረቱ አገሮች ለሸማች የሚሸጡ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት አካል ጉዳተኞች ሊያነቧቸው በሚችሉበት ሁኔታ እንዲዘጋጁ ያዛል፡፡ ከአሥር ያነሱ ሠራተኞች ያሏቸውና ዓመታዊ ገቢያቸው ከ2 ሚሊዮን ዩሮ የማይበልጥ አገልግሎት ሰጪዎች ከግዴታው ነጻ ተደርገዋል፡፡ በአውሮፓ ላሉ ኢትዮጵያውያን መጽሐፍ ለመሸጥ የሚያስብ ባለሀብት ግን የሚሸጥለት መደብር ትንሽ ላይሆን እንደሚችል ማሰብ አለበት፡፡ ተደራሽ መጽሐፍ ለመሥራት የሚያገለግሉት መሣሪያዎች በአብዛኛው ያሉት በኢፐብ 3 ውስጥ ነው፡፡ ስለዚህ አሮጌውን ለማስደሰት ወደ ኢፐብ 2 መውረድ ከዚህ ገበያ ጋር የሚያጋጭ ምርጫ ሆኗል፡፡

ከጸሎት መጻሕፍት የሚወሰድ ትንሽ ምሳሌም አለ፡፡ በእነዚህ መጻሕፍት ቅዱሳን ስሞች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ፡፡ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያሳይ የንባብ መሣሪያ ላይ ቀዩ ግራጫ ይሆናል፡፡ ስሙ በቀለም ብቻ ሳይሆን በደማቅ አጻጻፍም ከተለየ በሁሉም መሣሪያ ላይ ይታያል፡፡ ይህ ዓይነቱ ማስተካከያ ለአሮጌው ይጠቅማል፣ ለአዲሱም አይጎዳም፣ ገንዘብም አያስወጣም፡፡ ድጋፍ መስጠት የሚገባው እንደዚህ ሲሆን ነው፡፡

በአገር ውስጥ ገበያ ደግሞ አሮጌው ሶፍትዌር የሚገኘው ከኪንድል ይልቅ በእጅ ስልክ ላይ ነው፡፡ ያገለገሉ ስልኮች ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ረጅም ጊዜ ይኖራሉ፡፡ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ብዙ የመጽሐፍ ማንበቢያዎች ገጹን የሚያሳዩት በስልኩ ውስጥ ባለው የድረ ገጽ ሞተር ነው፡፡ እስከ አንድሮይድ 4.4 ድረስ ይህ ሞተር የስልኩ አካል ስለነበር ስልኩ ካልታደሰ እርሱም አይታደስም፡፡ በ2014 ከወጣው አንድሮይድ 5 ጀምሮ ግን ሞተሩ ብቻውን የሚታደስ ሆኗል፡፡ የድጋፍ ድንበር ማስመር ለሚፈልግ አሳታሚ ይህ መስመር ከስልኩ ዕድሜ ወይም ከምርቱ ስም ይልቅ የሚጨበጥ ነው፡፡

ይነበብ ወይስ ይመር?

ብዙው ወጪ የሚመጣው «ይደገፋል» የሚለው ቃል በግልጽ ሳይተረጎም በመቅረቱ ነው፡፡ አሳታሚው «በአሮጌውም ይሥራ» ብሎ ሲያዝ ባለሙያው «በአሮጌውም እንደ አዲሱ ይመር» ብሎ ይረዳዋል፡፡ የሁለቱ ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፡፡ መጽሐፉ በአሮጌ ማንበቢያ ላይ ተከፍቶ፣ ምዕራፉ በተራው ሆኖ፣ ማውጫው እየሠራ እንዲነበብ ማድረግ ርካሽ ነው፡፡ የድሮዎቹ ማንበቢያዎች የሚጠብቁትን ኤንሲኤክስ የተባለ የማውጫ ፋይል ከአዲሱ ማውጫ ጎን ማስቀመጥ በኢፐብ 3 የተፈቀደ ነው፤ ጥቂት ኪሎባይት ቢመዝን ነው፡፡ አዳዲሶቹን የመልክ ትእዛዞች በተለየ ፋይል ማስቀመጥ ደግሞ አሮጌው ሞተር ቢጥላቸው እንኳ መሠረታዊው መመሪያ እንዲተርፍ ይረዳል፡፡ ርዕስ እንደ ርዕስ፣ አንቀጽ እንደ አንቀጽ በትክክል ምልክት ከተደረገበት የመልክ መመሪያው በሙሉ ቢጠፋም መጽሐፉ ይነበባል፡፡

እንደ አዲሱ እንዲያምር ማድረግ ግን ማቆሚያ የለውም፡፡ ልብ ወለድ ወይም የታሪክ መጽሐፍ የሚያወጣ ሰው እዚህ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም፤ ጽሑፉ በራሱ ይበቃል፡፡ ሠንጠረዥ የበዛበት የሒሳብ መጽሐፍ፣ ንባቡና ትርጓሜው ጎን ለጎን የሚሄዱበት አንድምታ ወይም ስንኙ በመስመር ልክ መሰበር ያለበት ግጥም ሲሆን ነገሩ ይጠነክራል፡፡ በእነዚህ ላይ በአሮጌ ሶፍትዌር የሚያነብ ሰው የተሳሳተ ነገር ሊያነብ ይችላልና ከመሸጥ በፊት «ይህ መጽሐፍ በእንዲህ ዓይነት ማንበቢያ በትክክል አይታይም» ብሎ በመሸጫ ገጹ ላይ መጻፍ ይሻላል፡፡ ሽያጭ ይቀንሳል ተብሎ ይፈራል፡፡ ነገር ግን የሚቀንሰው ተመላሽ ሊሆን የነበረው ሽያጭ ነው፡፡

ከዚህ ደንብ ውጪ የሚሆን አንድ ሁኔታ አለ፡፡ የአሮጌው ሶፍትዌር ባለቤት ነጠላ አንባቢ ሳይሆን ተቋም ሲሆን ነው፡፡ 500 ቅጂ በአንድ ጊዜ የሚገዛ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮቹ ያረጁ ከሆኑ፣ ወይም የቤተ መጻሕፍት ውል የአዶቤን ቁልፍ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ድጋፉ የዋጋው አካል ይሆናል፡፡ የተለየው ሥራ ተቆጥሮ በጨረታው ሰነድ ላይ እንደ ራሱ መስመር መግባት ይኖርበታል እንጂ ለሌሎቹ ገዢዎች በሚሸጠው ፋይል ላይ መጫን የለበትም፡፡

በማምረቻው በኩል ያለው አሮጌ ሶፍትዌር ደግሞ የተለየ ውሳኔ ይፈልጋል፡፡ በ1990ዎቹ ለገጽ ቅንብር ተወዳጅ የነበረው ፔጅሜከር የመጨረሻው ሥሪቱ የወጣው በ2001 ነው፡፡ እርሱን የተካው ኢንዲዛይንም የፔጅሜከርን ፋይል መክፈት ካቆመ ቆይቷል፡፡ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ መጻፊያዎች የተተየበ ጽሑፍ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፤ የፊደሉ ቅርጽ ሲነሣበት ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር ይሆናል፡፡ የቆዩ መጻሕፍትን መብት የገዛ ባለሀብት ከመብቱ ጋር የሚረከበው ብዙ ጊዜ ይህንን ነው፡፡ እዚህ ላይ አሮጌውን ኮምፒዩተር ከነሶፍትዌሩ መጣል ከባድ ኪሳራ ነው፡፡ ጽሑፉ ሁሉ ወደ ዩኒኮድ ተለውጦ በአራሚ እስኪነበብ ድረስ አንድ አሮጌ ማሽን ጥግ ይዞ ቢቆይ ይመረጣል፡፡ ለውጡን በሶፍትዌር ማካሄድ ይቻላል፤ አራሚ ሳያየው ግን ለገበያ አይቀርብም፣ ምክንያቱም አንድ ሆሄ በተሳሳተ ኮድ ከተተካ ስሕተቱ በመጽሐፉ ሁሉ ይደጋገማልና ነው፡፡

ሥራውን ለውጭ ባለሙያ የሚሰጥ አሳታሚ ውሉ ላይ ሊያስገባቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው፡፡ መጽሐፉ የሚፈተሽባቸው ማንበቢያዎች ከነሥሪታቸው በስም ይዘረዘራሉ፤ «በሁሉም መሣሪያ ይሠራል» የሚል ቃል ዋጋ የለውም፡፡ በአሮጌዎቹ ላይ የሚፈለገው መነበብ ብቻ መሆኑ፣ በአዲሶቹ ላይ ደግሞ ሙሉ መልኩ መሆኑ ይገለጻል፡፡ ከርክክብ በኋላ ለስንት ወር ያለ ተጨማሪ ክፍያ እርማት እንደሚደረግም ይጻፋል፡፡ የቅንብሩ ምንጭ ፋይል፣ የፊደል ቅርጾቹና የፈቃድ ወረቀታቸው ለአሳታሚው ሳይደርሱ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅም፡፡